ሮልፍ ሲቨርትና የሕመምተኛው የጨረራ መጠን

የመለኪያ ስም ሆነው የቀሩ ሰዎች ዕጣ ለየት ያለ ነው። ቮልታ፣ አምፔር፣ ዋትና ኸርዝ በየቀኑ በመሐንዲሶች አፍና ብዕር ይጠራሉ፤ ሆኖም ስማቸውን ከሚጠራው ብዙ ሰው መካከል ሰዎቹ የት ተወልደው፣ ምን ሠርተው እንዳለፉ የሚያስታውሰው ጥቂቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ምናልባት ይበልጥ የተረሳው ስዊድናዊው ሮልፍ ሲቨርት ሳይሆን አይቀርም። አትላስ አካባቢ በሚገኝ የምርመራ ማዕከልም ሆነ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ በሲቲ ስካን መሣሪያ ቀለበት ውስጥ አልፎ ሲወጣ፣ የተቀበለው ጨረራ ሊያደርስ የሚችለው ጉዳት የሚመዘነው በዚህ ሰው ስም ነው። ሕመምተኛው በበኩሉ አንዳች ነገር አልተሰማውም፤ አልሞቀውም፣ አልቆረጠመውም፣ አላቃጠለውም። ምን ያህል እንደተቀበለ ሊነገረው የሚችለው አስቀድሞ የለካ ሰው ካለ ብቻ ነው። የሲቨርት የሕይወት ታሪክም በአመዛኙ የዚህ ልኬት ታሪክ ነው።

ሲቨርት በስቶክሆልም ከተማ ሚያዝያ 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ተወለደ፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ሜይ 6 ቀን 1896 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ አኳኋን ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዘመኑ ለእኛም ለጨረራ ሳይንስም ታላቅ ዘመን ነበር። ጀርመናዊው ሮንትገን ራጅን ማግኘቱን ያስታወቀው በ1895 መጨረሻ ነው። ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤኬሬል ዩራኒየም ያለ ፀሐይ ብርሃን ራሱ ጨረር እንደሚያወጣ ከፎቶግራፍ ሳሕን ላይ ያነበበው ማርች 1 ቀን 1896 እሑድ ዕለት ሲሆን፣ ያ እሑድ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት የተደረገበት ዕለት ነው። ግጥጥሙ በዚህ ብቻ አያበቃም። በዐድዋ ቆስለው ወደ ኔፕልስ ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ሁለቱ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበትን ቦታ ለማወቅ በዚያው ዓመት በጦር ሠራዊቱ ሆስፒታል ራጅ ተነሥተዋል፤ ሥራውን የመራው ሐኪም ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ነበር። በታሪክ መዛግብት ራጅ ለጦር ጉዳተኞች ሕክምና ከዋለባቸው አጋጣሚዎች የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ጥይት በዓለም የመጀመሪያውን የጦር ራጅ አስነሣ ማለት ነው።

የእነዚያ ሁለት ወታደሮች ክንድ ምን ያህል ጨረር እንደተቀበለ የጠየቀ አልነበረም። ቢጠየቅም መልስ የሚሰጥበት መለኪያ አልነበረም። በዚያን ጊዜ አንድ ምስል ለማንሣት ብዙ ደቂቃ ያስፈልግ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ቱቦውን ጥንካሬ ለመፈተን የገዛ እጃቸውን በጨረሩ ፊት ያቆሙ የነበሩ ሐኪሞችና ቴክኒሻኖች ጣቶቻቸው እየቆሰሉ፣ ቁስሉም ወደ ካንሰር እየተለወጠ ብዙዎቹ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

የሲቨርት አባት ማክስ ሲቨርት ከጀርመን አገር ወደ ስዊድን መጥቶ የከበረ ነጋዴ ነበር። ከስቶክሆልም ዳር በምትገኘው በሱንድቢቤሪ ያቋቋመው የኤሌክትሪክ ኬብል ፋብሪካ በአገሩ የታወቀ ሲሆን፣ ኋላ ለቴሌኮሙኒኬሽን ባለሙያዎቻችን እንግዳ ወዳልሆነው ወደ ኤሪክሰን ኩባንያ ተዛውሯል። ለብየዳና ለቧንቧ ሥራ የሚያገለግሉት የሲቨርት ነበልባል ማውጫዎችም የዚሁ ቤተሰብ ስም ቅርስ ናቸው። በአንድ ቤተሰብ ስም የሚጠራ የእሳት መሣሪያም የጨረራ መለኪያም መኖሩን ብዙ የእጅ ባለሙያ አያውቅም።

አባቱ በ1913 ሲሞት ሮልፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የተረፈው ሀብት ደመወዝ ከማሳደድ ነጻ አወጣው፤ ወጣቱም ነጻነቱን አላባከነውም። በመጀመሪያ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሕክምና ሞከረ፤ ቀጥሎ ወደ ስቶክሆልም የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ ምህንድስና ቀመሰ፤ በመጨረሻም በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ላይ ረጋ። ሦስት በር ማንኳኳቱን አንዳንዱ እንደ ወላዋይነት ይቆጥረው ይሆናል። ይሁን እንጂ ኋላ የሠራው ሥራ ከሦስቱም አንዱ ቢጎድል የሚሠራ አልነበረም፤ ሐኪሙ የሚፈልገውን ሊረዳ፣ መሣሪያውን በእጁ ሊሠራ፣ ስሌቱንም ሊያወጣ የሚችል ሰው ያስፈልግ ነበር።

በ1920 ገደማ ሲቨርት ወደ ራዲየምሄሜት መመላለስ ጀመረ። ይህ በስቶክሆልም በ1910 የተከፈተ የካንሰር ሕክምና ተቋም ሲሆን ኃላፊው ስመ ጥሩው ራዲዮሎጂስት ዮስታ ፎርሴል ነበር። በዚያ ስፍራ በተለይ የማሕፀን በር ካንሰር ሕመምተኞች፣ ማለትም ዛሬ በአገራችንም ብዙ ሴቶችን የሚቀጥፈው በሽታ ሰለባዎች፣ ራዲየም በያዙ ትንንሽ ቱቦዎች ይታከሙ ነበር። የሕክምናው ውጤት ከሌላው ዓለም የተሻለ ነው የሚል ዝና ነበረው። ሆኖም የሚሰጠው መጠን የሚታወቀው በራዲየሙ ሚሊግራምና በሰዓቱ ብዛት ነበር፤ ይህም ስንት ዳቦ እንደተጋገረ ሳያውቁ የማገዶውን ክብደት እንደመቁጠር ነው። በራጅ ሕክምና ደግሞ ልኩ የሕመምተኛው ቆዳ ነበር። ቆዳው እስኪቀላ ድረስ የሚሰጠው ጨረር እንደ አንድ መጠን ይያዝና ከዚያ ግማሹ፣ ሩቡ እየተባለ ይታዘዛል። የአንዱ ሰው ቆዳ ከሌላው ቆዳ፣ የአንዱ ሐኪም ዐይን ከሌላው ዐይን እንደሚለይ ግን ማንም ያውቃል።

ሲቨርት በመጀመሪያ የያዘው የራዲየሙን ቱቦ ነው። ቱቦው መስመር ነው፤ ከየነጥቡ ጨረር ይወጣል፤ ዙሪያውን የፕላቲነም ሽፋን አለው። ከቱቦው ፊት ለፊት የሚወጣው ጨረር በሽፋኑ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ፣ በስተጎን የሚወጣው ግን በሽፋኑ ውስጥ አግድሞ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ይበልጥ ይመነምናል። እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ደምሮ በአንድ ነጥብ ላይ የሚደርሰውን ለማወቅ የሚያስፈልገው ኢንተግራል በተለመደው መንገድ የሚፈታ ሆኖ አልተገኘም። ሲቨርት በ1921 ቀመሩን ከነአሠራሩ አሳትሞ አወጣ፤ ዛሬም በሙያው መጻሕፍት የሲቨርት ኢንተግራል ይባላል። ያን ጊዜ ዕድሜው 25 ነበር።

ስሌት ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። በሕመምተኛው አካል ውስጥ የሚሆነውን ለማወቅ መለኪያው ራሱ እዚያው መግባት ነበረበት፤ ችግሩም በዚህ ላይ ነው። የዘመኑ የአዮናይዜሽን ቻምበር፣ ማለትም ጨረር በአየር ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጥረውን የኤሌክትሪክ ሙላት የሚሰበስበው ክፍል፣ ትልቅና በወፍራም ገመድ ከኤሌክትሮሜትር ጋር የተሳሰረ ነበር። ገመዱም ራሱ ጨረር ሲያገኘው የሐሰት ንባብ ይሰጣል። ሲቨርት ገመዱን ቆርጦ ጣለው። ቻምበሩን እጅግ ትንሽ ካፓሲተር አድርጎ ሠራው፤ በታወቀ ቮልቴጅ ይሞላዋል፤ ከመሙያው ያላቅቀዋል፤ በሕመምተኛው ቆዳ ላይ፣ በአፍ ውስጥ ወይም ዕጢው ባለበት የሰውነት ክፍተት ያስቀምጠዋል፤ ጨረሩ ከተሰጠ በኋላ አውጥቶ የቀረውን ቮልቴጅ ያነባል። የጎደለው ሙላት ካፓሲታንሱ በቮልቴጁ ልዩነት ተባዝቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ያም ጨረሩ በቻምበሯ አየር ውስጥ የፈጠረው የአዮን ሙላት ነው። ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አስቸጋሪው ነገር ማገጃውን ሙላት እንዳያፈስ አድርጎ መሥራት ነበር። ማገጃው ጥቂት ቢያፈስ መሣሪያው በሌለ ጨረር ሕመምተኛውን ይከሳልና።

ሲቨርት በዚህ ዘዴ ላይ ለዓመታት ሠርቶ በ1932 በኡፕሳላ ለዶክትሬት ማዕረግ ያቀረበው ጽሑፍ ይኸው ነበር። የሲቨርት ቻምበር በመባል የታወቀችው ይህች መሣሪያ ለሕክምናው ብርቱ ጨረር ብቻ ሳይሆን ለደካማውም አገለገለች። ቻምበሯን ለቀናት በአንድ ክፍል ጥግ አስቀምጦ ከግድግዳ ወዲያ የሚያመልጠውን ጨረር፣ ወይም ነርሷ በሥራዋ ላይ ሳለች የምታገኘውን መለካት ተቻለ። ከዚያ ወዲህ የጨረራ ሠራተኞች ደኅንነት ግምት መሆኑ ቀረ።

በ1924 በራዲየምሄሜት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ በሥርዓት ሲቋቋም ኃላፊው ሲቨርት ሆነ። ቤተ ሙከራው በስቶክሆልም ተቀምጦ ደብዳቤ ከመጠበቅ ይልቅ በእግሩ መሄድን መረጠ። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሲቨርትና ረዳቶቹ መሣሪያቸውን ጭነው በስዊድን ከተሞችና አውራጃዎች እየዞሩ የየሆስፒታሉን ራጅ ይለኩ ጀመር። በአንድ ሆስፒታል የተጻፈ የሕክምና ትእዛዝ በሌላው ሲፈጸም ያንኑ መጠን ይሰጥ እንደሆነ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነበር። ቱቦው ያረጀ፣ ትራንስፎርመሩ የተለወጠ፣ ማጣሪያው የተረሳ መሣሪያ የሚለየው ከሁሉም ጋር አንድ በሆነ መለኪያ ሲፈተን ነው። በጉዞው የሠራተኛውም ነገር አብሮ ታየ፤ መቆጣጠሪያው የት እንደቆመ፣ እርሳሱ የት እንደሳሳ፣ ከበሩ ሥር ምን እንደሚያመልጥ እየተለካ ይመዘገብ ነበር። የዛሬው የጥራት ቁጥጥር ሥራ በመሠረቱ ከዚህ አልራቀም፤ ወረቀቱ ግን በዝቷል።

ከእነዚህ ልኬቶች ጋር አንድ ከባድ ጥያቄ ተነሣ። ስንት ይበቃል? በ1925 ሲቨርት በስዊድን፣ አርቱር ሙትሸለር ደግሞ በአሜሪካ፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ አንድ ሠራተኛ ያለ ጉዳት ይችለዋል ብለው የገመቱትን መጠን አሳተሙ። ሙትሸለር በወር ቆዳ ከሚያቀላው መጠን አንድ መቶኛውን ሲል፣ ሲቨርት በዓመት አንድ አሥረኛውን አለ። ሁለቱ ግምቶች ተቀራራቢ ናቸው። በዛሬው ዕውቀት ሲታዩ ሁለቱም እጅግ ከፍተኛ ነበሩ፤ ካንሰር ቆዳ ሳይቀላ ሊመጣ እንደሚችል በዚያን ጊዜ በቁጥር የሚያውቅ አልነበረምና። ቁም ነገሩ ግን ገደብ የሚባል ነገር በቁጥር መነገሩ ነው። ቁጥር ሊታረም ይችላል፤ መጠንቀቅ ጥሩ ነው የሚል ምክር ግን የሚታረምበት መንገድ የለውም።

በ1928 ሁለተኛው ዓለም አቀፍ የራዲዮሎጂ ጉባኤ በስቶክሆልም ሲደረግ ሲቨርት 32 ዓመቱ ነበር። ጉባኤው ሮንትገንን እንደ ዓለም አቀፍ የጨረር መለኪያ ተቀበለ፤ ስለ ራጅና ራዲየም መከላከያ የሚመክር ኮሚቴም አቋቋመ። ከኮሚቴው የመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሲቨርት ነበር። ይኸው ኮሚቴ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950 ተደራጅቶ ዓለም አቀፍ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን ተባለ፤ ዛሬ አገሮች ሕግ ሲያወጡ የሚመለከቱት የእርሱን ምክር ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ቤተ ሙከራው አድጎ በካሮሊንስካ የራሱ ሕንጻ ያለው የጨረራ ፊዚክስ ተቋም ሆነ። በ1941 ደግሞ ስዊድን የጨረራ መከላከያ ሕግ አወጣች፤ ያለ ፈቃድ በጨረር መሣሪያ መሥራት ተከለከለ፤ የቁጥጥሩም ሥራ ለሲቨርት ተቋም ተሰጠ። በዚያው ዓመት ፕሮፌሰር ሆነ። ልብ ሊባል የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። በስዊድን መጀመሪያ መለኪያው መጣ፤ ቀጥሎ የሚዞረው ለኪ መጣ፤ ሕጉ የመጣው ከ15 ዓመት ያህል ልምድ በኋላ ነው። ስለዚህም ሕጉ በወጣ ማግሥት ለማስፈጸም የሚችሉ ሰዎች ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የሲቨርት ትኩረት ወደ ጥቂቱ ጨረር ዞረ። የአቶም ቦምብ ሙከራዎች አቧራቸውን በዓለም ሁሉ ላይ ያዘንቡ በነበረበት ዘመን የተጨመረውን ለማወቅ አስቀድሞ የነበረውን ማወቅ ያሻ ነበር። ሲቨርትና ባልደረቦቹ በስዊድን ቤቶችና ሜዳዎች ከዐለትና ከግንብ የሚወጣውን የተፈጥሮ ጨረር ለኩ። ከዚህም አልፎ ከሰው አካል ራሱ የሚወጣውን ጨረር በ1951 ለኅትመት አበቃ። በእያንዳንዱ ሰው ሰውነት ውስጥ ባለው ፖታሲየም ምክንያት ሁላችንም ጥቂት ጨረር እናወጣለን፤ ይህን ለመለካት ከውጭው ጨረር የተከለለ ክፍልና ግፊት ያለው ጋዝ የታመቀባቸው ትልልቅ ቻምበሮች ያስፈልጉ ነበር። ገመዱን ቆርጦ ቻምበሩን ያሳነሰው ሰው በእርጅናው ቻምበሩን መልሶ አገዘፈው።

ከ1956 እስከ 1962 የዓለም አቀፉ ኮሚሽን ሊቀመንበር ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት በ1955 ባቋቋመው የአቶም ጨረራ ውጤቶች ሳይንሳዊ ኮሚቴም አገሩን ወክሎ ተቀመጠ፤ ሊቀመንበርም ሆኖ ሠራ። ኮሚቴው በ1958 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት የያዘው አንድ ነገር በወቅቱ ጋዜጦች ብዙ አልተወራለትም። ሰው ሠራሽ ከሆነው ጨረር ሁሉ ለሕዝቡ ትልቁን ድርሻ የሚሰጠው ቦምቡ ሳይሆን የሐኪም ራጅ መሆኑ ነው። ሕይወቱን በሆስፒታል ቻምበር ይዞ ለዞረው ሰው ይህ እንግዳ ነገር አልነበረም።

ሲቨርት ኦክቶበር 3 ቀን 1966 በ70 ዓመቱ ዐረፈ። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ማኅበር ከ1973 ጀምሮ በየጉባኤው የሚሰጠው ሽልማት በስሙ ተሰይሟል። ሲቲ ስካን የሚባለውን መሣሪያ ግን አላየም፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የመጀመሪያዋን ሕመምተኛ ጭንቅላት በለንደን ያነሣው በኦክቶበር 1971፣ ሲቨርት ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ሁለቱ ስሞች የተገናኙት በ1979 ነው። በዚያ ዓመት ጠቅላላ የክብደትና የልኬት ጉባኤ ሬም የተባለውን አሮጌ መለኪያ የሚተካውን አዲስ መለኪያ ሲቨርት ብሎ ሰየመ፤ አንድ ሲቨርት 100 ሬም ነው። በዚያው ዓመት የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሃውንስፊልድና በደቡብ አፍሪካ ለተወለደው ለአለን ኮርማክ ተሰጠ። የኮርማክም ታሪክ ከሲቨርት ሥራ ጋር በስውር ክር የታሰረ ነው። ኮርማክ የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ መምህር ነበር፤ ወደ ሆስፒታል የገባው በ1956 የኬፕታውኑ ግሮተ ሹር ሆስፒታል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገሮችን የሚቆጣጠር የፊዚክስ ባለሙያ እንዲኖረው ሕግ ስላስገደደው ነው። እዚያ ሆኖ የጨረር ሕክምና ዕቅድ ሲወጣ ሲያይ፣ በሰውነት ውስጥ ያለውን የጨረር መመንመን ከውጭ በሚደረግ ልኬት እንዴት ማወቅ ይቻላል ብሎ አሰበ። የሲቲ ስካን ሒሳብ ከአንድ የአፍሪካ ሆስፒታል በጨረራ መከላከያ ሕግ ምክንያት ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ መሣሪያ ታላቅ ጥቅም ይዞ መጣ፤ ዋጋውንም ይዞ መጣ። አንድ የደረት ራጅ ከአንድ ሚሊሲቨርት አንድ አሥረኛ በታች ነው። የጭንቅላት ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት ገደማ፣ የሆድ ሲቲ ደግሞ 8 ወይም 10 ይደርሳል። ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው በዓለም አማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ነው፤ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ከሰማይ የሚመጣው ድርሻ ከጠረፍ ከተሞች ይበልጣል።

እዚህ ላይ ሲቨርትን ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። በስሙ የተሰየመው መለኪያ በየትኛውም መሣሪያ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ግሬይ ነው፤ በእንግሊዛዊው ሃሮልድ ግሬይ ስም የሚጠራ፣ በአንድ ኪሎግራም አካል ውስጥ የቀረው የኃይል መጠን ነው። ሲቨርት የሚገኘው ይህ ቁጥር በጨረሩ ዓይነትና በእያንዳንዱ የአካል ክፍል ተጋላጭነት ሲባዛ ነው። ሲቲ መሣሪያው በመስታወቱ ላይ ለሆድ ምርመራ 500 ሚሊግሬይ-ሴንቲሜትር ካሳየ፣ በ0.015 ተባዝቶ 7.5 ሚሊሲቨርት ይሆናል። ማባዣው የአንድ አማካይ ሰው ነው እንጂ የዚያ ሕመምተኛ አይደለም። ስለዚህ ይህ ቁጥር ምርመራን ከምርመራ ለማወዳደር እንጂ ለአንድ ሰው ካንሰር ይይዝሃል ወይም አይይዝህም ለማለት አይበቃም።

መቀነሱ ግን የሚጀምረው ከዚሁ ቁጥር ነው። ያው ሆድ መድኃኒቱ ሳይሰጥ፣ ከተሰጠ በኋላና ዘግይቶ ሦስት ጊዜ ቢነሣ 7.5 የነበረው 22.5 ይሆናል፤ ለበሽታው አንዱ ዙር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሁለቱ ዙሮች ለሕመምተኛው ያስገኙት ነገር የለም። የቱቦው ጅረት በግማሽ ቢቀነስ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ የምስሉ ቅንጣት ሁከት ግን በ1.4 እጥፍ ይጨምራል። ለኩላሊት ጠጠር ይህ አያስጨንቅም፤ ለጉበት ትንሽ ዕጢ ግን ሊያሳስት ይችላል። ለቀጭን ሰው ቮልቴጁን ከ120 ወደ 100 ኪሎቮልት ማውረድ ሲሶ ያህሉን ያድናል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ጅረቱን እንደ አካሉ ውፍረት በራሳቸው ይለዋውጣሉ። ይህ ሁሉ ሕመምተኛውን በትክክል መሃል ማስተኛትን ይጠይቃል፤ ወደላይ ወይም ወደታች ከተንሸራተተ መሣሪያው ውፍረቱን ይስታል።

መለኪያ ተረስቶ በአውቶማቲክ መታመን ምን እንደሚያመጣ በ2009 በካሊፎርኒያ ታይቷል። በአንድ ሆስፒታል የአንጎል ደም ዝውውር የተመረመሩ 200 ያህል ሰዎች ለ18 ወራት ሊያገኙት ከሚገባው ስምንት እጥፍ የሚሆን ጨረር ተቀብለዋል። ስሕተቱ የታወቀው አንድ ሕመምተኛ ጠጉሩ መርገፉን ከተናገረ በኋላ ነው። ቁጥሩ በየዕለቱ በመስታወቱ ላይ ይታይ ነበር፤ የሚያነበው አልነበረም። ከ80 ዓመት በኋላ የሰው ቆዳ እንደገና መለኪያ ሆኖ አገለገለ።

ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 ሲሆን፣ ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1993 በወጣው አዋጅ ቁጥር 79 ነው። ሕጉ በ2000 እና በ2009 ዓ.ም. በወጡ አዋጆች እየተሻሻለ መጥቷል። ከስዊድን ሕግ ጋር ሲነጻጸር በመካከሉ ግማሽ ምዕት ዓመት አለ። በአገራችን ቅደም ተከተሉም ተገለበጠ፤ ሕጉ ቀድሞ ወጣ፤ በየክልሉ ሆስፒታል ቻምበር ይዞ የሚዞረው ባለሙያ ቁጥር ግን ገና ከመሣሪያዎቹ ብዛት ጋር አልተመጣጠነም።

አንድ ነጥብ በተለይ ለእኛ ሕመምተኞች ይነሣል። የሲቲ መጠን የሚለካው በፕላስቲክ በርሜል ነው፤ ለጭንቅላት 16፣ ለሆድና ለደረት 32 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ጠጣር አክሪሊክ ሲሆን፣ በውስጡ በተበሱ ቀዳዳዎች 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላት እርሳስ መሳይ የአዮናይዜሽን ቻምበር ትገባለች። መሣሪያው በመስታወቱ ላይ የሚያሳየው ይህ በርሜል የሚቀበለውን ነው። በርሜሉ ወፍራም ሰው ነው። ሆዱ 25 ሴንቲሜትር የሚያህል ቀጭን ሰው ሲነሣ በእርግጥ የሚቀበለው ከሚታየው 1.5 እጥፍ ገደማ ነው፤ 15 ሴንቲሜትር የሆነ ሕፃን ደግሞ 2.1 እጥፍ ገደማ። ማባዣዎቹ በሙያው ማኅበራት ሰንጠረዥ ታትመው ይገኛሉ፤ የሚያስፈልገው የሕመምተኛውን ወርድና ቁመና በምስሉ ላይ በማስመሪያ መለካት ነው፤ ሥራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።